አንድ ባሌስትራ ሲጨመር ስንት ኩንታል ይጨመራል?

ጨለለቂም ይኑሩ ጊምቢ፣ ሲሬም ይኑሩ ነጆ፣ በግቢዎ አንድ አይሱዙ የሚያድር ከሆነ «ስንት ትጭናለች?» የሚለውን ጥያቄ ሳይሰሙ አይውሉም። ጠያቂው የበቆሎ ነጋዴ ሊሆን ይችላል፤ ቡና የሚያስጭን ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ዕቁቡን አውጥቶ መኪናዋን አብሮዎት የገዛው የባለቤትዎ ወንድም። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ሊብሬው ላይ ከሰፈረው ቁጥር ጋር አይተዋወቅም። «ሊብሬው 35 ይበል እንጂ እኛ 60 እናስኬዳለን» ማለት እንደ ጉብዝና ይቆጠራል።

አሁን አሁን ደግሞ ፈተናው በርትቷል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ አሻቅቧል። አነስተኛዋን ሸጦ ከፍ ያለ ኤፍ ኤስ አር መግዛት ለብዙ ቤተሰብ የማይሞከር ሆኗል። ስለዚህ ባለንብረቱ ያለችውን መኪና ይዞ ጋራዥ ይሄድና «አጠናክሩልኝ» ይላል። ማጠናከር ሲባል በአብዛኛው ባሌስትራ መጨመር ነው።

ታዲያ በርዕሱ ላይ ለጠየቅነው መልሱን እንንገርዎት፦ ባሌስትራ ብቻ ሲጨመር የሚጨመረው ኩንታል ዜሮ ነው። መኪናዋ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ የኋላዋ አይጎብጥም። ፍሬኑ፣ ጎማው፣ አክስሉ፣ ኩሽኔታውና ሻንሲው ግን ትናንት የነበሩት ናቸው። እንዲያውም የጎበጠ ባሌስትራ «በዛብኝ» ብሎ የሚናገር አካል ነበር። ምላሱን ቆረጡት ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን መኪናዎ አትሻሻልም ማለት አይደለም። በመጠነኛ ገንዘብ ብዙ መሥራት ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ነው ቁም ነገሩ።

መጀመሪያ ሚዛን ላይ ያውጧት

ባዶዋን። ይህ ከሁሉም የረከሰው ሥራ ነው፤ የሚሠራው ባለንብረት ግን ጥቂት ነው። በበሩ ምሰሶ ወይም በጋቢናው ውስጥ አምራቹ የለጠፋትን ትንሽ ሰሌዳም ይፈልጉ። ጠቅላላ ክብደት የሚለው ቁጥር መኪናዋ ከነጭነቷ፣ ከነሰዎቿ፣ ከነነዳጇ ሊኖራት የሚገባው የመጨረሻው ክብደት ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ሰሌዳው 7,500 ኪሎ ይላል እንበል። ባዶ መኪናዎ ሚዛን ላይ 3,300 ኪሎ ሆነች። ለሹፌር፣ ለረዳት፣ ለተጨማሪ ነዳጅ፣ ለሸራ፣ ለገመድና ለትርፍ ጎማ 300 ኪሎ ይያዙ። የቀረው 3,900 ኪሎ፣ ማለትም 39 ኩንታል ነው። 60 ኩንታል ከጫኑ ጠቅላላው 9,600 ኪሎ ይደርሳል፤ ከሰሌዳው በላይ 2,100 ኪሎ መሆኑ ነው።

አሁን ደግሞ ባዶውን ክብደት እንየው። አገር ቤት የሚሠራ ካሶኒ አብዛኛውን ጊዜ ለዕድሜ ልክ ተብሎ ነው የሚበየደው፦ ወፍራም ላሜራ፣ በየሁለት ስንዝሩ አግዳሚ ብረት፣ ከላይ የተቀጠለ ስፖንዳ። ከዚህ ላይ 200 ኪሎ ብረት ቢቀነስ፣ በየጉዞው ያለ ስጋት የሚጫን 2 ኩንታል አገኙ ማለት ነው። ከማናቸውም «ማጠናከሪያ» ይልቅ ሕጋዊም አዋጪም የሆነው ይኸው ማቅለል ነው። ጎበዝ በያጅ ያማክሩ፤ ወለሉ ይጠንክር፣ ጎኑ ይቅለል።

ስፖንዳ ማስረዘም ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ጀንፈል፣ ሰፊ ቦታ ይዞ ክብደቱ ትንሽ ነው፤ ለእሱ ከፍ ያለ ስፖንዳ ምንም አይልም። የተፈለፈለ በቆሎ ግን አንድ ሜትር ኩብ ወደ 7 ኩንታል ይመዝናል። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ30፣ ወርዱ 2 ሜትር የሆነ ካሶኒ እስከ አንድ ሜትር ከፍታ በቆሎ ቢሞላ 60 ኩንታል አለፈ ማለት ነው። ለጀንፈል የተሠራው ካሶኒ በጥር በቆሎ ሲሞላ ማንም «ቁም» የሚለው የለም።

ዴዴሳ የሚያፈላው ውሃ

ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ጊምቢም ይውጡ ወደ በደሌ፣ የዴዴሳ ወንዝ ሸለቆ ሳይወርዱ አይሻገሩም። ወደ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ሲይዙም የባኮን ቆላ ወርደው የጌዶን ደጋ ይወጣሉ። የወለጋ መንገድ ሜዳ ላይ እንደሚሮጥ መንገድ አይታሰብም።

700 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ወረዱ እንበል። ፍሬን መኪና ሲያቆም ጉልበቱን ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። የ7,500 ኪሎ መኪና በዚህ ቁልቁለት የሚያወጣው ሙቀት ከ150 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። 9,600 ኪሎ ከሆነች ከ200 ሊትር በላይ፣ አንድ ሙሉ በርሜል ማለት ነው። ለሠርግ ጠላ የሚጠመቅበትን በርሜል ያስቡትና፣ ይህን ሁሉ የሚያፈላው እሳት በአራት ታምቡሮች ውስጥ ሲነድ ይታይዎት። ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይወስዱታል፤ ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ ካልያዘ ግን ሙቀቱ በሙሉ ለማለት ይቻላል ሸራው ላይ ያርፋል። ሸራ ከልክ በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል፤ የፍሬኑ ዘይት ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እስከ ወለል ይሄዳል። «ፍሬን በጠሰ» ተብሎ የሚነገረው ሁሉ የተበጠሰ ነገር አይደለም፤ ብዙው የፈላ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለፍሬን ይውጣ። አራቱም ጎማ ተፈትቶ ሸራው ይታይ፤ ታምቡሩ ከልኩ በላይ ከሰፋ ይቀየር እንጂ በቶርኖ እየተላገ አይቅጠን፤ ቀጭን ታምቡር ቶሎ ይግላል። የሚያፈሱ የፍሬን ጎሚኒዎች ይለወጡ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ እየቆየ በቀላሉ የሚፈላ ይሆናል፤ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ማስቀየር ደግሞ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር ወጪ አይደለም።

ከዚያ ቀጥሎ የሞተር ፍሬን ነው፤ የጭስ መውጫውን ዘግቶ ሞተሩ መኪናዋን እንዲይዝ የሚያደርገው። ብዙ አሮጌ አይሱዙ ላይ ዕቃው አለ፣ ግን አይሠራም፤ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ክዳኑ በጥላሸት ተጣብቋል። ማስጠገኑ እጅግ ቀላል ነው፤ ለዴዴሳ ቁልቁለት የሚሰጠው ጥቅም ግን ከየትኛውም ባሌስትራ ይበልጣል። ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ የሚባለው ልማድ ደግሞ በፍጹም መቅረት አለበት። የእነዚህ መኪኖች ፍሬን እገዛ የሚያገኘው ሞተሩ ሲሠራ ነው፤ ሲጠፋ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል።

ጎማው ራሱ ይናገራል

የጎማው ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ እንደ 122/118 ያለ ቁጥር ያገኛሉ። የመጀመሪያው ጎማው ለብቻው ሲሆን፣ ሁለተኛው በጥንድ ሲታሰር የሚችለውን ክብደት የሚያሳይ መለያ ነው። 122 ማለት 1,500 ኪሎ፣ 118 ማለት 1,320 ኪሎ። ከኋላ አራት ጎማ ካለ አራት ጊዜ 1,320፣ 5,280 ኪሎ ይሆናል። ከፊት ሁለት ጊዜ 1,500፣ 3,000። ድምሩ 8,280 ኪሎ ነው። ከላይ ያሰብነው 9,600 ኪሎ፣ ጎማዎቹ አዲስ ቢሆኑና ነፋሳቸው ልክ ቢሆን እንኳ፣ ከጎማው አቅም በላይ ነው።

ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ጎማ ላይ ከሆኑ ሲቀይሩ ከፍ ያለውን መግዛት እውነተኛ ማሻሻያ ነው፤ የሰሌዳውን ቁጥር ግን አያሳድገውም። ጥንድ ጎማዎች አንድ ዓይነትና እኩል ያለቁ ይሁኑ፤ አንዱ ካነሰ ሸክሙን ሁሉ ሌላው ብቻውን ይሸከመዋል። ታድሶ የተለበጠ ጎማ ከፊት አይታሰር። ጎሚስታው ጋ ነፋስ ሲያስለኩ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይሁን።

ባሌስትራውስ?

ተራው አሁን ነው። (ጋራዥ ውስጥ ጆሮዎን ጣል ቢያደርጉ ባሌስትራ፣ ካሶኒ፣ ስፖንዳ፣ ኩሽኔታ፣ ክሪክ፣ ታኮ ሲባል ይሰማሉ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የቀሩልን ናቸው። የቃሉ ባለቤት ከሄደ ከ80 ዓመት በላይ ሆነው፤ ቃሉ ግን እስካሁን ዘይት ውስጥ ይሠራል።)

የደከመና የላላ ባሌስትራ ማስተካከል ወይም መቀየር ተገቢ ነው። መጨመር ካስፈለገ ግን በዋናው ላይ ከመደረብ ይልቅ መኪናዋ ስትጫን ብቻ ሥራ የሚጀምረውን ረዳት ባሌስትራ ይምረጡ። ዋናው ከደነደነ መኪናዋ ባዶዋን ስትመለስ ትዘላለች፤ በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ የኋላ ጎማዋ ሲያዝ ትንሸራተታለች። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ያላቸው ብሎኖች አዲስ ይሁኑ፤ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላም ተመልሰው ይጥበቁ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርደው ያገለገለ ባሌስትራ የሚገዙ ከሆነ መሐሉ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ እንዳለው በደንብ ጠርገው ይዩ።

ሻንሲው ላይ ግን እጅዎን ይሰብስቡ። ከላይና ከታች ባለው ጠርዙ ላይ ብየዳ ማሳረፍም መብሳትም የብረቱን ጥንካሬ ይገድላል፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ማስረዘም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ጭነቱ ከኋላ አክስል ወዲያ በገፋ ቁጥር የፊት ጎማ ይቀልና መሪው «ይንሳፈፋል»። እንዲህ ያለውን ለውጥ ለመዘገበው መሥሪያ ቤት ሳያሳውቁ ካደረጉት ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርቡ ቦሎ ሊከለከሉ ይችላሉ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ መሆኑን ያውቃሉ፤ ከዚያ በላይ ለራስዎ መኪና የገዙት ውል ካለ ደግሞ ከአቅም በላይ ጭነት ሲገኝ ምን እንደሚል ዛሬውኑ አውጥተው ያንብቡት።

ራዲያተሩን ማስጠረግና የፋን ቺንጋውን ማየት አይርሱ። ሞተር ሞቀ ብሎ ቴርሞስታቱን አውልቆ መጣል መፍትሔ አይደለም።

ቁልፉ ማን እጅ ነው?

ይህን መጽሔት ቤትዎ ሶፋ ላይ ሆነው እያነበቡ ከሆነ፣ ዴዴሳን የሚወርዱት እርስዎ አይደሉም። ሹፌሩና ታኮ ይዞ የሚዘልለው ረዳት ናቸው፤ ረዳቱ ብዙ ጊዜ ከሰፈር የተገኘ፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ሹፌሩን በኩንታል ልክ የሚከፍሉት ከሆነ፣ ፍሬን ቢያስጠግኑም እሱ የሚያስበው ስንት ኩንታል እንደሚጨምር ነው። በጉዞ ወይም በወር ይክፈሉት። «ጭነቱ በዛ፣ አልወጣም» ቢል እንጀራው እንደማይጓደልም አስቀድመው ይንገሩት። እኛ እንደሚመስለን ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ምንም ገንዘብ የማይጠይቀውና ከባዱ ይኸው ነው።

መንገድ ተዘግቶ ሲከፈት፣ ወይም የቡናው ዋጋ ከፍ ሲል፣ «በተገኘው ቀን ሁሉንም ልጫን» የሚለው ሐሳብ ይመጣል፤ ይገባናል። ያኔ ሁለት ቁጥር ይጻፉ። በአንድ በኩል የሁለት ጉዞ ነዳጅና አበል፤ በሌላው በኩል በ60 ኩንታል የሚያልቀው ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ሸራና መኪናዋ ጋራዥ የምትቆምባቸው ቀናት። ደንበኛዎ በየሳምንቱ 60 ኩንታል የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ እውነቱ ሌላ ነው፦ መኪናዋ አነሰች እንጂ አልደከመችም። ከጎረቤት ባለንብረት ጋር ጭነቱን መካፈል፣ ወይም ገንዘብ አዋጥቶ ከፍ ያለ መኪና በጋራ መግዛት እሷን ከማሰቃየት ይሻላል።

ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ መኪናዋን በግማሽ ጭነት ወደ አንድ ቁልቁለት ያስወጧት። ከባዱ ጭነት ከአክስሉ ፊት፣ ወደ ጋቢናው ገባ ብሎ፣ ከታች ይሁን። ታች ሲደርሱ ሹፌሩ ሜዳ ቦታ ያቁም፤ ረዳቱ ታኮ ያድርግ። ከዚያ መዳፍን ሳይነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አቅርቦ ሙቀቱን ማመዛዘን ነው። አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ደህና ነው። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ያ ፍሬን አልለቀቀም ወይም ኩሽኔታው ችግር አለበት፤ በሚቀጥለው ቀን ሊጫን የነበረው በቆሎ መጋዘን ይደር።