«የመንግሥት ጠበቃ» የተባለው ሐረግ በወንጀል ይግባኝ ትርጕም

የወንጀል ፍርድ ተሰጥቶበት ይግባኝ የሚጠይቅ፣ ነገር ግን ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው፣ መንግሥት ወጪውን ችሎ የሚመድብለት ባለሙያ በአማርኛ ምን ተብሎ ሊጠራ ይገባል? ነገሩ የቃል ምርጫ ብቻ ቢመስልም፣ ስያሜው ሲዛባ መብቱም አብሮ የሚዛባ በመሆኑ ለተርጓሚዎች ከባድ ጥያቄ ነው።

በንግግር የሚሰማው «የመንግሥት ጠበቃ» አሻሚ ነው። «የ» የተባለው አገናዛቢ ምዕላድ መንግሥት የሚመድበውን ጠበቃ ሊያመለክት ይችላል፤ ለመንግሥት የሚሟገተውንም ሊያመለክት ይችላል። እስረኛው ሐረጉን በሁለተኛው ፍች ከወሰደው፣ ምስጢሩን ሊያካፍለው የሚገባውን ሰው እንደ ባላጋራ ያየዋል። «ጠበቃ» ከ«ጠበቀ» የወጣ ሲሆን፣ በ«ዐቃቤ ሕግ» ውስጥ ያለው «ዐቃቤ»ም ከግእዙ «ዐቀበ» የመጣና ትርጕሙ ያው «ጠባቂ» መሆኑ አሻሚነቱን ያባብሰዋል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 5 መብቱን ሲደነግግ፣ ጠበቃው «ከመንግሥት» የሚገኝ መሆኑን ይገልጻል። መስተዋድዱ «ከ» ሰጪውን እንጂ ባለቤቱን አያሳይምና አሻሚነቱ ይወገዳል።

«ነጻ ጠበቃ» የሚለውም ችግር አያጣም። «ነጻ» ያለ ክፍያ ማለት ነው፤ ከሌላ ተጽዕኖ ውጭ መሆን ማለትም ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ቢችሉም፣ አንዱ ሌላውን አያስከትልም። «በድኃ ደንብ» የሚለው ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ከዳኝነት ክፍያ ነጻ ሆኖ መክሰስን የሚመለከት ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ አይውልም።

በሕግ አሠራራችን የጸናው «ተከላካይ ጠበቃ» ነው። ሆኖም በይግባኝ ደረጃ ፍርደኛው አጥቂውን ቦታ ይይዛል፤ እርሱ «ይግባኝ ባይ»፣ ዐቃቤ ሕጉ «መልስ ሰጪ» ይባላሉ። ስለዚህ «ተከላካይ» የሚለውን ቃል በቃል የሚወስድ አንባቢ፣ የጠበቃው አገልግሎት በመጀመሪያው ፍርድ ያበቃል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን ከላይ የተጠቀሰው አንቀጽ «የተከሰሱ ሰዎች መብት» በሚል ርእስ ሥር፣ በንኡስ አንቀጽ 6 የይግባኝን መብት ጭምር ማካተቱ፣ «የተከሰሰ ሰው» የሚለው አነጋገር ከፍርድ በኋላም እንደሚዘልቅ ያመለክታል።

ከውጭ ሕግ የሚተረጕም ሰው ደረጃዎቹን መለየት አለበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 18 ቀን 1963 ሁለት ውሳኔዎች ሰጥቷል። በጊዲየን ጉዳይ በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድኃ በመጀመሪያው ችሎት፣ በዳግላስ ጉዳይ ደግሞ በመብት በሚቀርበው የመጀመሪያ ይግባኝ ጠበቃ እንዲመደብለት ወስኗል። በ1974 ግን በሮስ እና ሞፊት ጉዳይ ይህን መብት በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ወደሚታይ ተጨማሪ ይግባኝ አላሰፋውም። ሁሉንም «ይግባኝ» ብሎ ማለፍ አንባቢን ያሳስታል፤ «በመብት የሚቀርብ ይግባኝ» እና «በፈቃድ የሚታይ ይግባኝ» ተብለው ቢለዩ ይሻላል።

በዚህ መሠረት ለመዝገበ ቃላት የሚከተለው ፍች ቀርቧል፦

ተከላካይ ጠበቃ (ስም)፦ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው ተከሳሽ ወይም ይግባኝ ባይ፣ በወንጀል ጉዳይ ከመንግሥት የሚመደብለት፣ ወጪው በመንግሥት የሚሸፈን፣ ታማኝነቱ ግን ለደንበኛው የሆነ ጠበቃ።