ውኃ የሚያሳልፈውን ዐለት መለየት

በክረምት በተጂ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ የበቾን ሜዳ ውኃ ተኝቶበት ያያል። በበጋ ግን በዚያው ሜዳ እናቶች ጀሪካን ይዘው ውኃ ፍለጋ ይወጣሉ። «ይህን ያህል ውኃ የሚተኛበት ምድር ጕድጓድ ሲቆፈርበት ስለ ምን ይነጥፋል?» የሚለው ጥያቄ ከሰበካ ጉባኤያት ዘወትር ይቀርብልናል።

ውኃን መያዝና ውኃን ማሳለፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥቁሩ የመረሬ አፈር ብዙ ውኃ ይይዛል፤ ቀዳዳዎቹ እጅግ ደቃቅ በመሆናቸው ግን ወደ ታች የሚያሳልፈው ጥቂት ነው። አሸዋ የተቀበለውን ቶሎ ይለቃል። ይህን የማሳለፍ ዐቅም በስሌት የገለጠው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ ሲሆን፣ አሸዋ በተሞላ ቱቦ ውኃ እያሳለፈ የደረሰበትን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1856 አሳትሟል።

የዐለትም ጠባይ ከዚህ አይርቅም። በሱሉልታ አልፈው ደብረ ሊባኖስን የተሳለሙ ምእመናን በገደሉ ላይ ጥቁሩ ባዛልት ከላይ፣ የአሸዋ ድንጋዩ ከሥሩ ተነባብረው አይተው ይሆናል። የሥነ ምድር ሊቃውንት ይህን የአሸዋ ድንጋይ በገዳሙ ስም ይጠሩታል፤ ብዙዎቻችን ይህን ሳናውቅ ተመላልሰንበታል። የአሸዋ ድንጋይ ውኃን በቅንጣቶቹ መካከል ያሳልፋል። ቅንጣቶቹን ያጣበቃቸው ማዕድን ከበዛ ግን መንገዱ ይዘጋል፤ ስለዚህ አንዱ ንብር በአንድ ስፍራ ለጋስ፣ በሌላው ንፉግ ይሆናል።

በተጂ ቆፋሪው ከአፈሩና ከደለሉ በታች የሚያገኘው በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። በዚህ ዐለት ውኃው የሚሄደው በስንጥቅና የቀደመው ፍሳሽ ከኋለኛው በተገናኘበት ድንበር ነው። ለአዲስ አበባ ውኃ የሚሰጡት የአቃቂ ጕድጓዶችም ቀዳዳ የበዛበትን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በማግኘታቸው ነው የበረከቱት። ስንጥቁ ካልተገኘ ጥልቀት ብቻውን አይረዳም።

ባለሙያዎች አስቀድመው ኤሌክትሪክ ወደ ምድር ልከው የዐለቱን መቋቋም ይለካሉ፤ ሸክላና እርጥብ ዐለት ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋሉ፣ ደረቅና ጠጣር ዐለት ግን ይቋቋማል። ሸክላውን ከእርጥቡ ዐለት መለየት የሚቻለው ግን በቁፋሮ ነው። ከቁፋሮው በኋላ ውኃው በፓምፕ ያለ ማቋረጥ እየተሳበ በየጊዜው ምን ያህል እንደ ወረደ፣ ፓምፑ ሲቆም ደግሞ በምን ፍጥነት እንደ ተመለሰ ይመዘገባል። የማሳለፍ ዐቅሙ የሚሰላው ከዚህ መዝገብ ነው፤ የብዙ ጕድጓዶች መዝገብ ሲሰበሰብ ካርታ ይሆናል።

ብዙ አጥቢያዎች ጕድጓዱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ እንዲቆፈር ይሻሉ። ምኞታቸው ይገባናል፤ ስንጥቁ ግን የቅጽሩን አጥር አይከተልም።

የሚያሳዝነን ሌላው ነገር የመዝገቡ መጥፋት ነው። ቆፋሪው ሲሄድ ወረቀቱም አብሮ ይሄዳል፤ በተለይ ውኃ ያልተገኘበት ጕድጓድ መዝገብ እንደ ከንቱ ይጣላል። ለካርታው ግን የደረቀውም እንደ ፈለቀው ያስፈልጋል። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቶች የቁፋሮውንና የፓምፕ ፍተሻውን መዝገብ ቅጂ ከቆፋሪው ተቀብለው ከንብረት መዝገባቸው ጋር እንዲያኖሩ፣ አዲስ የጕድጓድ ጥያቄ ሲያቀርቡም አያይዘው እንዲልኩልን እንጠይቃለን።