ቼኩ ደረቅ ሆነ፣ ሰውዬው ታሰረ፤ ብሩን ግን ማን ይክፈል?

ከሉማሜ፣ ከደጀን፣ ከቢቸና የተሰበሰበ ማኛ ጤፍ አይሱዙ ላይ ሲጫን ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ጥሬ ብር ሳይሆን ቼክ ነው። ገዥው ቀኑን ሁለት ሦስት ሳምንት አርቆ ይፈርማል፤ «እስከዚያ አዲስ አበባ ሸጬ አስገባበታለሁ» ይላል። ቀኑ ሲደርስ ባንክ ቤት ይኬዳል፤ ሒሳቡ ባዶ ነው። ከዚያ እኔ ጋ ይመጣና ሁሉም አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፦ «ካሳሰርኩት ብሬን አገኛለሁ ማለት ነው?»

አያገኝም። ወገኖቼ፣ ደብረ ማርቆስ በጥብቅና ስሠራ ሰው ንብረቱን የሚያጣው ከቼኩ መድረቅ ይልቅ ይህንን ባለማወቁ እንደሆነ አይቻለሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693፣ የሚያዝበት ገንዘብ እንደሌለ እያወቀ ቼክ ያወጣን ሰው እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ቅጣቱ ግን ለመንግሥት ነው። መቀጮም ከተጣለበት ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል። የናንተ ብር ሌላ ጥያቄ ነው፤ ካልጠየቃችሁት ማንም አያነሳላችሁም።

አንዲት እናት ቼኳንና የባንኩን ወረቀት ነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ጤፏን የገዛት ሰው ተፈርዶበት ማረሚያ ቤት ገብቷል። «ልጄ፣ ተፈረደበት አሉኝ እኮ፤ ታዲያ ብሬሳ?» አለችኝ። መዝገቡን አስወጥቼ ሳየው ስለ ካሳ የተጻፈ አንድ መስመር የለም። ለምስክርነት ተጠርታ፣ መስክራ፣ ወደ ቤቷ ሄዳለች። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 መሠረት ግን የግል ተበዳይ ክሱ መሰማት ሲጀምር ቀርቦ፣ የደረሰበትን ጉዳትና የሚፈልገውን ልክ ጠቅሶ፣ ካሳ እንዲወሰንለት ማመልከት ይችላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101ም ይህንኑ መብት ይሰጣል። ይህን ማንም አልነገራትም። እኔ ጋ ስትደርስ በቼኩ ለመክሰስ የተሰጠው ጊዜ አልፎ ነበር፤ ስለዚህ በሽያጭ ውሉ ከሰስን። ጤፉን የጫኑት ልጆች ቀርበው ስንት ኩንታል እንደወጣ መሰከሩላት። ሁለት ጊዜ ፍርድ ቤት መመላለስ ያስፈልጋት ነበር? አያስፈልጋትም ነበር።

ማመልከቻው ሁልጊዜ ይቀበሉታል ማለት አይደለም። ብዙ ምስክር የሚያስጠራ ከሆነ ወይም የወንጀሉን ጉዳይ የሚያጓትት ከሆነ ፍርድ ቤቱ «በፍትሐ ብሔር ክሰስ» ሊል ይችላል። የቼክ ጉዳት ግን ልኩ ወረቀቱ ላይ የተጻፈ ስለሆነ ከሌላው ይቀላል። ተከሳሹ በነጻ ቢለቀቅም የፍትሐ ብሔር መንገዱ ክፍት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 ዳኛውን በነጻ መለቀቁ አያስገድደውም ይላል።

ሽማግሌ ስለመላክም ልበል። በእኛ አገር ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስም ሽማግሌ መግባቱ አይቀርም፤ መልካም ነው። ክፍያ ወንጀሉን አይፍቀውም፤ ተከሳሹ ከልቡ ተጸጽቶ ጉዳቱን ከካሰ ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ይሆንለታል። ስለዚህ እርቁ ክብደት የሚኖረው ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ነው። ያኔ ባለዕዳው ለመክፈል ምክንያት አለው። ሽማግሌዎቹ ሲያስማሙ «ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ለፋሲካ» የሚለው ቃል በወረቀት ይስፈር፣ ክፍያውም በባንክ ይሁን።

አሁን ወደ «ማን ይክፈል» ጥያቄ እንምጣ። ቼኩን የፈረመው ሰው ከራሱ ሒሳብ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፦ በወንጀል የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ የፈረመው ሥራ አስኪያጅ ነው፤ የቼኩ ዕዳ ግን የማኅበሩ ነው። ሥራ አስኪያጁን ብቻ ከስሶ ማኅበሩን የረሳ ሰው፣ መጋዘንና መኪና ያለው ባለዕዳ እጁ ላይ እያለ አምልጦታል። ሥልጣን ሳይኖረው በማኅበሩ ስም የፈረመ ደግሞ ራሱ ይጠየቃል። ሌላው ተጠያቂ ከጀርባ ፈርሞ ያስተላለፈው ነው። በእህል ንግድ አንድ ቼክ ሦስት እጅ ይዞራል፤ «አልጠየቅም» ብሎ ካልጻፈ በቀር እያንዳንዱ ፈራሚ ለክፍያው ተጠያቂ ነው። ቼኩ ላይ በዋስነት የፈረመም እንዲሁ።

ባለዕዳው ቢሞትስ? የወንጀል ክሱ ከእሱ ጋር ያበቃል፤ ዕዳው ግን ወደ ውርሱ ይሄዳል። ከቀብርና ከውርስ ማጣሪያ ወጪ ቀጥሎ ከወራሾች ቀድሞ ይከፈላል። ልጆቹ ከወረሱት በላይ ከራሳቸው ኪስ እንዲከፍሉ አይገደዱም፤ ስለዚህ ሐዘንተኛ ቤት ሄዶ ሕፃናትን ማስጨነቅ ነውርም ነው፣ ጥቅምም የለውም።

በፍትሐ ብሔር ከሄዳችሁ የ1958ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 284 ጀምሮ ለቼክ አጭር መንገድ አለው፤ ተከሳሹ ለመከላከል መጀመሪያ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ከዋናው ገንዘብ ላይ ሕጋዊ ወለድ ጠይቁ፤ 9 በመቶ ነው። ጊዜው ግን አጭር ነው፦ ቼኩ በ6 ወር ውስጥ ለባንክ ይቀርባል፣ ከዚያ በኋላ ለመክሰስ ሌላ 6 ወር ነው። የንግድ ሕጉ በ2013 ዓ.ም. ሲታደስ የቼኩ ክፍል በ1952ቱ ሕግ እንደቀጠለ ነው።

ዱባይ ወንድም ያላችሁ እዚያ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ሒሳብ ባለመብቃቱ ብቻ የተመለሰ ቼክ በአብዛኛው ወንጀል መሆኑ ቀርቶ በቀጥታ ለአፈጻጸም ዳኛ እንደሚቀርብ ሰምታችሁ ይሆናል። ሕንድ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ባሻሻለችው ሕግ ዳኛው ክርክሩ ሳያልቅ የቼኩን እስከ 20 በመቶ በጊዜያዊ ካሳ እንዲያስከፍል ፈቅዳለች። እኔ የሕንዱን ለእኛም እመኛለሁ፤ ተበዳዩ ለትራንስፖርትና ለጠበቃ እየከፈለ ዓመት ሲጠብቅ አይቻለሁና።

እስከዚያው አንድ ነገር አድርጉ። ባለዕዳው ንብረት እያሸሸ ከሆነ ፍርድ ሳትጠብቁ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 151 እንዲያዝ አመልክቱ። የገጠር መሬቱን አትቁጠሩት፤ መሬት አይሸጥም። መኪናውን፣ የባንክ ሒሳቡን፣ መጋዘን ያለውን እህል ቁጠሩ፣ ታርጋውንም ጻፉ።