የከሃዲዎች በር

በለንደን ታወር ደቡባዊ ቅጥር ላይ ፊቱን ወደ ቴምዝ ወንዝ ያዞረ፣ ወደ 18 ሜትር ገደማ የሚሰፋ የድንጋይ ቅስት አለ። ከሥሩ ውሃ የተኛበት ገንዳ፣ ከፊቱም ወፍራም የእንጨት ፍርግርግ መዝጊያ ይታያል። እንግሊዞች «የከሃዲዎች በር» ይሉታል። ስሙን የሰማ ሁሉ እስረኛ ጭና የምትገባ ጀልባ ይታየዋል። ያሠራው ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ግን በአእምሮው የነበረው እስረኛ ሳይሆን የራሱ ምቾት ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእሱ በፊት ወንዙ እስከ ውስጠኛው ግንብ ድረስ ይደርስ ነበር። በአባቱ በሄንሪ 3ኛ ዘመን የውሃ በር ሆኖ ያገለገለው ዛሬ «የደም ግንብ» የሚባለው ነው። ኤድዋርድ የወንዙን ዳር በአፈር አስሞልቶ ሁለተኛ ቅጥር ሲያሳንጽ ያ በር ደረቅ መሬት ላይ ቀረ። ስለዚህ ከ1275 እስከ 1279 ባለው ጊዜ አዲስ የውሃ በር፣ በላዩም የራሱን መኖሪያ አሠራ። ንጉሡ ከጀልባው ወርዶ ጥቂት ደረጃ ሲወጣ እሳት የሚነድበት አዳራሽና የግል ጸሎት ቤት ይጠብቁታል። ግንቡ በኋላ በቅዱስ ቶማስ ስም ተጠራ። ይህ በ1170 በካንተርበሪ ካቴድራል ውስጥ የተገደለው ቶማስ ቤኬት ነው፤ ጳጳስ ከመሆኑ በፊት የለንደን ታወር በእሱ ጥበቃ ሥር ነበር።

በሩን በእውነት ያዝዝ የነበረው ግን ውሃው ነው። ቴምዝ ለንደን ላይ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴም ይጎድላል። ሲሞላ ጀልባ እስከ ደረጃው ይገባል፤ ሲጎድል ባለሥልጣንም ቢሆን ይጠብቃል። በ1554 ልዕልት ኤልሳቤጥ በዓመፅ ተጠርጥራ ወደ ታወር እንድትወሰድ ታዘዘች። ሊወስዷት የመጡትን መኳንንት ለእህቷ ለንግሥት ሜሪ ደብዳቤ ልጻፍ ብላ ለመነቻቸው። ጽፋ እስክትጨርስ የወንዙ ሰዓት አለፈ፤ ጉዞው ለማግሥቱ፣ ለሆሳዕና እሑድ ተላለፈ። በወረቀቱ ባዶ ቦታ ላይ ማንም ቃል እንዳይጨምርበት ሰያፍ መስመሮች አሰመረችበት። ንግሥቲቱ ልመናዋን ባትቀበልም ደብዳቤው አንድ ቀን አተረፈላት። ከታወር የወጣችው በሜይ 19 ነው፤ እናቷ አን ቦሊን በዚያው ግቢ አንገቷ ከተቀላ ልክ 18 ዓመት በሞላበት ዕለት።

እዚህ ላይ የአስጎብኚዎችን ጨዋታ የሚያበላሽ ነገር አለ። አን በ1536 እስረኛ ሆና በዚህ በር ገባች ሲባል ብንሰማም፣ የሕይወት ታሪኳን የጻፈው ኤሪክ አይቭስ ይህን አይቀበልም፤ እንደ እሱ ከሆነ የገባችው ከምዕራብ በኩል ባለው የቤተ መንግሥት ሰዎች መግቢያ ነው። ልጇ በየት እንደገባችም ያከራክራል። ብዙ እስረኞች በወንዙ መምጣታቸው እርግጥ ነው፤ የለንደን መንገዶች ጠባብና በሕዝብ የተጨናነቁ ስለነበሩ ጀልባው ይፈጥናል፣ ለጠባቂዎችም ይመቻል። በእኔ ግምት ስሙ ከሥራው ገዝፏል። ከቅስቱ በላይ ያለው የእንጨት ሥራ እንኳ የሄንሪ 8ኛ አናጢ ጄምስ ኒደም ያደሰው ነው፤ ታወር የታደሰውም ለ1533ቱ የአን የንግሥትነት በዓል ዝግጅት ነበር።

የኋለኛው ታሪኩ ብዙም አይነገርለትም፤ እኔን ግን የሚስበኝ እሱ ነው። በሩ ሥር ባለው ገንዳ ውስጥ ውሃ በግቢው መካከል ወዳለው ዋና ሕንጻ፣ ወደ ነጩ ግንብ ጣሪያ የሚገፋ ሞተር ተተክሎ ነበር። መጀመሪያ በወንዙ ሙላትና በፈረስ ጉልበት፣ በኋላም በእንፋሎት ይሠራ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጠመንጃ አፈሙዝ መብሻ መሣሪያዎችንም አንቀሳቅሷል። ሞተሩ የተነሣው በ1860ዎቹ ነው። በዚያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከወንዙ የሚያገናኘው መተላለፊያ በግንብ ተደፈነ፤ ዛሬ ከቴምዝ ተነሥቶ በዚህ በር የሚገባ ጀልባ የለም።

ለንደን የሄደ ሰው የበሩን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ብቻ አይመለስ፤ ደረጃውን ወጥቶ የኤድዋርድን መኝታ ክፍል ይመልከት። በሩ የተሠራው ለዚያ ክፍል ነው።