የጎመኑ ቀለም ምን ያስተምረናል?

ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «መምህራችን ዛሬ ሐምራዊውን ውሃ ቀይ፣ ሌላውን ደግሞ አረንጓዴ አደረጉት» ቢልዎ እንደ ምትሃት አይቁጠሩት። ነገሩ የኬሚስትሪ ትምህርት ነው፤ በወጥ ቤትዎም ሊሠራ ይችላል።

ከ3 እስከ 4 የሚሆኑ የቀይ ጥቅል ጎመን ቅጠሎችን ከትፈው በ2 ብርጭቆ የፈላ ውሃ ለ10 ደቂቃ ያህል ይዘፍዝፉ። ውሃው ሐምራዊ ሲሆን አጥልለው ያቀዝቅዙትና በሦስት ብርጭቆዎች ይክፈሉት። በአንደኛው ላይ ሎሚ ወይም አቸቶ ጠብ ሲያደርጉ ይቀላል። በሁለተኛው ላይ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ሲጨምሩ ወደ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይለወጣል። ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ እንዳለ ይቀመጥ። ቀይ ሥር ግን ማቅለሚያው የተለየ ስለሆነ ጎመኑን አይተካም።

ለውጡን የሚያመጣው በጎመኑ ውስጥ የሚገኘው አንቶሲያኒን የተባለ ማቅለሚያ ነው። አሲድ ሲነካው ይቀላል፤ ቤዝ ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። ሎሚና አቸቶ አሲድ ናቸው፤ ሳሙና፣ የአመድ ውሃና በረኪና ደግሞ ከቤዝ ወገን ናቸው። ሮበርት ቦይል የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1664 ስለ ቀለሞች ባሳተመው መጽሐፍ በአበባ ጭማቂ ላይ የሚታየውን ይህንኑ ለውጥ ገልጿል።

«ታዲያ ይህ ለቤተሰብ ምን ይጠቅማል?» ይሉ ይሆናል። ቀለም ሲለዋወጥ ያየ ልጅ ያገኘውን ሁሉ መቀላቀል ያምረዋል። አዋቂዎችም ቢሆኑ «ይበልጥ ያጸዳል» በማለት በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር የሚቀላቅሉ አሉ። በረኪና ከአቸቶ፣ ከሎሚ ወይም አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ይህም ዓይንን ይለበልባል፣ ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ሳንባንም ይጎዳል።

ስለዚህ በሙከራው ጊዜ በረኪና በአካባቢው አይኑር። በሌላም ጊዜ ቢሆን በውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አያስቀምጡት፤ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ያኑሩት። ሳይታሰብ ከአሲድ ጋር ቢቀላቀልና የሚያፍን ሽታ ቢመጣ ሁሉንም ሰው ይዘው ወዲያውኑ ወደ ውጭ ይውጡ። የሚያስል ወይም መተንፈስ የሚያስቸግረው ሰው ካለ ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ሙከራውን ሲሠሩ ማንኪያውን ለወንዱም ለሴቷም ልጅዎ በየተራ ይስጡ። «ይህን አትንካ!» ከማለት ይልቅ ለምን እንደማይነካ ማሳየት የተሻለ ጥበቃ ነው።