ሸዋሮቢት ላይ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ስትሉ ኔትወርኩ ለምን ይስተካከላል?

ገበያ ላይ ናችሁ እንበል። ማሾ ሸጣችኋል፤ ገዢው «ብሩን ልኬያለሁ» ይላል፤ የእናንተ ስልክ ግን ጭጭ። ፈቀቅ ስትሉ መልእክቱ ዱብ ይላል። ምን ተፈጠረ?

ሞገዱ ከታወሩ ወደ ስልካችሁ በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም። አንዱ በቀጥታ፣ ሌላው ከቆርቆሮ ጣሪያ ነጥሮ፣ ሌላው ከቆመ አይሱዙ ወይም ከተራራ ተመልሶ ይደርሳል። የተጓዙት ርቀት ስለሚለያይ አንዳንድ ቦታ ላይ ይደጋገፋሉ፣ ሌላ ቦታ ላይ ይጠፋፋሉ። ባለሙያዎች «ፌዲንግ» ይሉታል፤ እኛ መዋዠቅ እንበለው።

የ1,800 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 17 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በጥሩና በመጥፎ ቦታ መካከል ያለው ርቀት ከስንዝር ሊያንስ ይችላል!

እያንዳንዱን ስንዝር አስቀድሞ ማስላት ስለማይቻል ባለሙያዎች በዕድል ያሰሉታል። ሬይሊ በሚባለው ሞዴል መሠረት፣ ታወሩ በቀጥታ በማይታይበት ቦታ፣ ከ100 ነጥቦች 10 ያህሉ ላይ የሲግናሉ ጉልበት ከአማካዩ አንድ አስረኛ በታች ይወርዳል፤ 1ዱ ላይ ደግሞ ከአንድ መቶኛ በታች።

መኪና ውስጥስ? በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ሲግናሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል ሊዋዥቅ ይችላል። ስልኩ ግን መረጃውን ቆራርጦ፣ ማረሚያ ጨምሮ ስለሚልክ ብዙ ጊዜ አይታወቃችሁም።

የተራራ ጥላ ግን ሌላ ነገር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማበር ወደ ሸዋሮቢት ስትወርዱ ጋራው በእናንተና በታወሩ መካከል ይገባል። እዚህ ፈቀቅ ማለት አያድንም፤ ኩርባውን ማለፍ ነው።

ይሄ የሚታወቀው መሣሪያ በመኪና ጭኖ መንገድ ለመንገድ በመለካት ነው። ጃፓናዊው ኦኩሙራ ቶኪዮ አካባቢ ለክቶ ውጤቱን በ1968 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ ሃታ በ1980 ወደ ቀመር ቀየረው። ቀመሩ ግን በአብዛኛው ለሜዳማ ቦታ የተሠራ ስለሆነ ለይፋት ገደሎች እንዳለ አይሆንም፤ እዚሁ መለካት ያስፈልጋል።

እናንተም መለካት ትችላላችሁ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ አባውት ፎን፣ ከዚያ ሲም ስታተስ ግቡ። −80 ዲቢኤም ጥሩ ነው፤ −110 ደካማ። ልዩነቱ 1,000 እጥፍ ነው።

እና የክፍያ መልእክት ካልመጣ ገዢውን ሌባ ከማለታችሁ በፊት፣ ወይም ራሳችሁ ከፋይ ከሆናችሁ ድጋሚ ከመላካችሁ በፊት፣ ፈቀቅ በሉና ሂሳባችሁን እዩ።

እናንተ ሰፈር ኔትወርክ የሚጠፋው የት ጋ ነው? ቁጥሩን አይታችሁ ጻፉልን።