የመንግሥቱ ወርቁ 10 ጎሎችና የባሕር ዳር ስታዲየም

ባሕር ዳር - የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም በጣና ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው ባሕር ዳር ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ማሸነፉ የቆየ ቁጭትን ያስታወሰ ነበር። ሱዳን በ1962 ዓ.ም ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ ኮትዲቯር ኢትዮጵያን 6 ለ 1 ስትረታ ሎራን ፖኩ ብቻውን 5 ጎሎችን አስቆጥሯል። ፖኩ በውድድሩ ያስመዘገበው አጠቃላይ ውጤት 14 ጎል ሲሆን፣ ይህን ክብረ ወሰን ካሜሩናዊው ሳሙኤል ኤቶ በ2000 ዓ.ም እስኪያሻሽለው ድረስ የደረሰበት አልነበረም።

ኢትዮጵያም በዚያ ዘመን የራሷ ጎል አዳኝ ነበራት። የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ በአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታዎች 10 ጎሎችን ያስቆጠረ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ከዚህ ቁጥር የደረሰ ሌላ ኢትዮጵያዊ የለም።

ከጎሎቹ ሁሉ በይበልጥ የምትታወሰው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተቆጠረችው ናት። በይድነቃቸው ተሰማ የሚሠለጥነው ቡድን ከግብፅ ጋር ባደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ከመመራት ተነሥቶ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ተጠናቀቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ቡድኑን መሪ አደረገ። ጨዋታው ሊያበቃ 3 ደቂቃ ሲቀረው መንግሥቱ አራተኛውን አክሎ ጥርጣሬውን ዘጋው። ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሰጡ። መንግሥቱም በ3 ጎል ከግብፃዊው ባዳዊ ጋር የውድድሩ ከፍተኛ ጎል አስቆጣሪ ሆነ።

የ1954ቱ ድል አራት አገሮች ብቻ በተሳተፉበት ውድድር የተገኘ መሆኑን በመጥቀስ ዋጋውን ዝቅ የሚያደርጉ አሉ። ሆኖም መንግሥቱ ከዚያ በኋላም ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ ጎል ማስቆጠሩን አላቋረጠም፤ 10ሩ ጎሎች በአንድ ውድድር የተሰበሰቡ አይደሉም።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ወደ ሥልጠና የገባው መንግሥቱ ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ በ1974 ዓ.ም ሊቢያ ላይ በተካሄደው ውድድር ተሳትፏል። ቡድኑ ከዛምቢያ፣ ከናይጄሪያና ከአልጄሪያ ጋር ባደረጋቸው ሦስት ጨዋታዎች አንድም ጎል አላገባም። ኢትዮጵያ ወደ ውድድሩ ለመመለስ 31 ዓመት ጠብቃ በ2005 ዓ.ም አንድ፣ በ2014 ዓ.ም በካሜሩን ደግሞ ሁለት ጎል አስቆጥራለች። የሦስቱ ውድድሮች ድምር 3 ነው፤ መንግሥቱ በ1954 ዓ.ም ለብቻው ያስቆጠረው ማለት ነው።

ለካሜሩኑ ውድድር ያበቃው ጉዞ በአመዛኙ የባሕር ዳር ውለታ ነበር። ከኮትዲቯሩ ድል በኋላ መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም ማዳጋስካር በዚሁ ሜዳ 4 ለ 0 ተሸንፋ ሄዳለች። ይሁንና ስታዲየሙ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመዘኛ አላሟላም በመባሉ፣ መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ከተረታበት ጨዋታ በኋላ ቡድኑ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጋናን ለመግጠም ወደ ጆሃንስበርግ ተጓዘ። በወረቀት ላይ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ነበረች። ጨዋታው ከአባይ መውጫ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ 1 ለ 1 ተፈጸመ።

መንግሥቱ ይህን አላየም፤ ከዚህ ዓለም በሞት የተለየው ታኅሣሥ 7 ቀን 2003 ዓ.ም ነበር።